ሮምን በማታ፦ ሰፈር በሰፈር፣ ገበታ በገበታ

ሮም ውስጥ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ዘመድ ወዳጅ ከአገር ቤትም፣ ከጀርመንም፣ ከአሜሪካም ሲመጣ ከተማዋን የማሳየው እኔ ነኝ። ቀኑን ለኮሎሲየምና ለቫቲካን እተወዋለሁ፤ ለእነሱ መጽሐፉም አስጎብኚውም ሞልቷል። የእኔ ሰዓት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። የጎብኚ አውቶቡሶቹ ይሄዳሉ፣ የሱቁ ቆርቆሮ መዝጊያ ይወርዳል፣ ከየመስኮቱ የነጭ ሽንኩርትና የዘይት ሽታ መውጣት ይጀምራል፤ ሰፈሩም ለነዋሪው ይመለሳል። ሮምን ማወቅ የፈለገ ሰው በዚያ ሰዓት ቁጭ ብሎ መብላት አለበት እላለሁ። የዚህችን ከተማ ገበታ ያበጀው በር ተዘግቶበት የኖረ፣ ቄራ የሠራ፣ ወይን በጋሪ ጭኖ ሌሊቱን የተጓዘ ሰው ነው። የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ሐውልት ላይ ፈልጎ ከማግኘት ሳህን ላይ ማግኘት ይቀላል።

እንግዶቼን ይዤ ስዞር የተማርኩትን እንደመጣልኝ ላስፍር። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን በእኛው ነው።

ለአንድ ምሽት አንድ ሰፈር ይበቃል

ሦስት ሰፈር በአንድ ማታ ለማዳረስ የሚሮጥ እንግዳ ሲመለስ የሚያስታውሰው ድካሙን ነው። አንዱን መርጦ፣ ገና ሲመሽ ደርሶ፣ መንገዱን አንድ ዙር በእግር አይቶ፣ ከዚያ መቀመጥ ይሻላል። ሮማውያን ራት የሚቀርቡት ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። በ1 ሰዓት ሞልቶ የምታዩት ቤት የሞላው በጎብኚ ነው። በሩ ላይ ቆሞ እጅ የሚስብ ሰው ያለበትን ቤት፣ የምግብ ፎቶግራፍ የለጠፈውንም ቤት እኔ አልፋቸዋለሁ።

ጌቶ ሲገቡ መጀመሪያ በሩን ያስቡ

የሮም አይሁድ በከተማዋ የኖሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ ነው። በ1555 ግን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 4ኛ በቲበር ወንዝ ዳር፣ ውኃ በሚያጥለቀልቀው ዝቅተኛ ቦታ፣ በግንብ አጥሮ አስገባቸው፤ ጌቶ የሚባለው ይህ ሰፈር ነው። ቤት እንዳይገዙ፣ ከጥቂቱ በስተቀር ሥራ እንዳይሠሩ ተከለከሉ፤ የተፈቀደላቸው በዋናነት የአሮጌ ልብስና የጨርቅ ንግድ ነበር። የአጥሩ በሮች ንጋት ላይ ይከፈታሉ፣ ሲመሽ ይቆለፋሉ። ግንቡ የፈረሰው በ1848 ነው፤ አይሁዱ እኩል ዜጋ የሆኑት ደግሞ የጣሊያን ጦር በ1870 ሮምን ከያዘ በኋላ ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ማለት ነው።

እንግዳዬን ይዤ ቪያ ዴል ፖርቲኮ ዶታቪያ ስደርስ ይህን ሳልናገር ወንበር አልስብም። ድሮ ማታ በር ይቆለፍበት የነበረ ሰፈር ዛሬ ገበታውን መንገድ ላይ ዘርግቶ እስከ እኩለ ሌሊት ይጫወታል። አያቶች ከቤታቸው ወንበር አውጥተው በሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ ልጆች ኳስ ይመታሉ። በአንድ በኩል የጥንቱ የኦክታቪያ አዳራሽ ዓምዶች በመብራት ቆመዋል። የዚህ ሰፈር ማታ የሚበልጥብኝ ከየትኛውም የሮም ማታ ነው።

የሚበላው ካርቾፎ ነው፤ በእንግሊዝኛ አርቲቾክ የሚባለው፣ ቅጠሉ በቅጠል ላይ የተደራረበ እሾሃማ አበባ። ወጥ ቤቱ በር አጠገብ አንዲት ሴትዮ ትንሽ ቢላዋ ይዛ ስትልጠው ቆሜ አይቻለሁ። ካርቾፎውን በግራ እጇ እያሽከረከረች ጠንካራውን ቅጠል ጫፍ ጫፉን ትቆርጠዋለች፤ ሲያልቅ ሎሚ የተጨመቀበት ውኃ ውስጥ ትጥለዋለች፣ እንዳይጠቁር። ቀጥሎ ብዙ ዘይት ውስጥ፣ እሳቱ ሳይበረታ፣ ልቡ እስኪለሰልስ ይጠበሳል። ይወጣና ዘይቱ ይንጠፈጠፋል። ከዚያ ቅጠሎቹን በሹካ ወደ ውጭ ከፍተው በጋለ ዘይት ሁለተኛ ይጠብሱታል፣ ጥቂት ውኃም በእጅ ጣል ያደርጉበታል። ሳህን ላይ ሲመጣ የፈካ አበባ ነው፤ ዳሩ ይንኮሻኮሻል፣ መሐሉ እንደ ቅቤ ይቀልጣል። ጨው ብቻ ነው ያለበት። በእጅ ይበላል።

ከራት በኋላ መሬቱን እያዩ መሄድ ያስፈልጋል። ድንጋይ ንጣፉ ውስጥ እዚህም እዚያም የእጅ መዳፍ የማታክል የናስ ሰሌዳ ተቀብራለች፣ የመንገዱ መብራት ሲያርፍባት ታበራለች። ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ የተወሰዱበት ቀን ተጽፎባታል። ጥቅምት 16 ቀን 1943፣ ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ የጀርመን ወታደሮች ሰፈሩን ከበው፣ በሌላውም የከተማዋ ክፍል እየዞሩ ከ1,000 በላይ ሰዎችን ለቅመው ወደ አውሽቪትዝ ላኩ። የተመለሱት 16 ብቻ ናቸው። ልጆች ያሉበት ቤት ፊት ለፊት የትውልድ ዓመቱን አንብቦ ዕድሜውን ማስላት ይከብዳል፤ ግን እንግዶቼ እንዲያነቡት እለምናለሁ።

አርብ ማታ አትሂዱ። ሰንበት ስለሚገባ በአይሁድ የምግብ ሕግ የሚሠሩት ኮሸር ቤቶች ዝግ ናቸው፤ የሚከፈቱት ቅዳሜ ከመሸ በኋላ ነው።

ጾመኛ እንግዳ ሮም አይራብም

ይህን ለብቻው የማነሳው ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት ነው። በዐቢይ ጾም የሚመጡ ዘመዶቼ «እዚያማ ምን እበላለሁ፣ ፓስታ በሱጎ እንዳልል አይብ ይነሰንሱበታል» ብለው ሽሮ በሻንጣ ይዘው ይመጣሉ። የካርቾፎ ዋናው ወቅት ግን ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው፤ ጾሙ የሚውለው በዚያው መሐል ነው። በዘይት የተጠበሰ፣ ወተትም እንቁላልም ያልነካው ምግብ በወቅቱ ከዚያ የሚበልጥ አላውቅም። ከጎኑ ቺኮሪያ የሚባለው መራራ ቅጠል ተቀቅሎ በነጭ ሽንኩርትና በትንሽ ሚጥሚጣ ዘይት ውስጥ ይገለበጣል፤ ከእኛ ጎመን ጎን ቢቀመጥ አያፍርም። ሽምብራና ፓስታ በሮዝሜሪ የሚሠራው ሾርባ ብርድ ያባርራል። ስፓጌቲ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የትም አለ። የሚያስፈልገው «ያለ ፎርማጆ» ብሎ አስቀድሞ መናገር ነው፤ ሽምብራው ውስጥ የዓሣ ወይም የአሳማ ሥጋ ገብቶ እንደሆነም መጠየቅ።

ስለ አሳማ ካነሳሁ፦ ሮም የምትኮራባቸው አራት ፓስታዎች አሉ። ካርቦናራ፣ አማትሪቻና እና ግሪቻ ሦስቱም ጉዋንቻሌ የሚባል በጨው የደረቀ የአሳማ ጉንጭ አለባቸው። ከአራቱ ያለ አሳማ የሚሠራው ካቾ ኤ ፔፔ ነው፤ የበግ ወተት ፎርማጆ፣ ቁንዶ በርበሬና የፓስታው ቅቅል ውኃ ብቻ። ሦስት ነገር ብቻ ስለሆነ ጉድለቱን የሚሸፍንለት የለም። አንድ ምግብ ቤት እጁ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ እኔ የማዝዘው እሱን ነው። ፎርማጆው ጓል ከሠራ ወይም ውኃው ከታች ከቀረ ሁለተኛ አልመለስም። በነገራችን ላይ አሳማ ለማይበላ ሰው የጌቶው ኮሸር ቤት ሁሉ ያለ ሐሳብ የሚበላበት ነው፤ ካርቦናራውን እንኳ በደረቀ የከብት ሥጋ ይሠሩታል።

የቤቱን ወይን በማንቆርቆሪያ ይዘዙ

ጠርሙስ ከማዘዝ በፊት የቤቱን ወይን በሩብ ሊትር መቅመስ ሰውንም ኪስንም አይጎዳም። በመስታወት ማንቆርቆሪያ፣ ሩብ፣ ግማሽ ወይም አንድ ሊትር ተብሎ ይመጣል። ይህ ልማድ ረጅም ታሪክ አለው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 5ኛ የሮም ወይን ሻጮች ልኩ የታወቀ ግልጽ መስታወት እንዲጠቀሙ አዘዙ፤ ቀድሞ በማይታይ ዕቃ እየቀዱ ያጎድሉ ነበር። ብርሌ ይዞ ጠጅ ቤት ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። መስታወቱ መጠኑንም ያሳያል፣ መልኩንም፣ ድፍርስ ከሆነም ያጋልጣል።

ወይኑ የሚመጣው ከከተማዋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ካሉት ካስቴሊ ሮማኒ ከሚባሉት ኮረብታዎች ነው። አፈሩ የእሳተ ገሞራ ነው፣ ወይኑም በአብዛኛው ነጭ። ፍራስካቲና ማሪኖ ዋነኞቹ ናቸው። ባቡርና መኪና ሳይመጣ በፊት ጋሪ ነጂዎች በርሜል ጭነው ሌሊቱን ተጉዘው ንጋት ላይ ከተማ ይደርሱ ነበር። ኦስቴሪያ የሚባሉት የድሮ ወይን ቤቶችም የሚሸጡት ወይን ብቻ ነበር፤ ሰው ምግቡን ከቤቱ በጨርቅ ቋጥሮ መጥቶ ወይን እየገዛ ይበላል። በፍራስካቲና በአሪቻ ይህ ልማድ ዛሬም ያለባቸው ቤቶች አሉ። ጥቅምት ላይ የመጣ እንግዳ ካለኝ ዳቦ፣ ፎርማጆና ወይራ ገዝተን ከተርሚኒ በባቡር ግማሽ ሰዓት ሄደን እዚያ እንቀመጣለን። ማሪኖ ደግሞ በጥቅምት መጀመሪያ እሑድ የወይን በዓሏን ታከብራለች፤ ከ1925 ጀምሮ የሚከበር ነው፣ በዚያ ቀን ከአደባባዩ ፏፏቴ ወይን ይፈሳል።

ጉደር የለመደ ሰው ፍራስካቲን መጀመሪያ ሲቀምስ ፊቱን ያኮማትራል። ስኳር የለውም። ከዘይት ጥብስ ጋር ሲጠጣ ግን ሥራው ይታያል፤ ዘይቱን ከአፍ ላይ ይጠርጋል። ካርቾፎ ራሱ የወይን ጠላት ነው፣ የጠጡትን ሁሉ የሚያጣፍጥ ባሕርይ አለው፤ ለዚህም ነው የሚያስከፋው ውድ ጠርሙስ ከፍቶ ከእሱ ጋር መጠጣት። ርካሹና ደረቁ ነጭ ይበቃዋል። ቀይ ለሚወድ ሮም የምትገኝበት የላትስዮ ክፍለ አገር ቼዛኔዜ የሚባል የራሱ ወይን አለው፤ ፒልዮና ኦሌቫኖ በሚባሉት ከተሞች ዙሪያ ይበቅላል። ሮም ውስጥ ተቀምጦ የቶስካና ወይን ብቻ የሚያዝ ሰው ጎረቤቱን ሳያውቅ የሚኖር ሰው ይመስለኛል።

ሒሳብ ላይ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። በላትስዮ «ኮፔርቶ» የሚባለውን የመቀመጫ ክፍያ ማስከፈል በክልሉ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ዳቦ ግን ማስከፈል ይፈቀዳል። ዳቦ ካልፈለጉ ገና ሲያስቀምጡት ይመልሱ።

ቴስታቾ የቄራ ሰፈር ነው፣ እንደዚያው ይብሉበት

ወደ ቴስታቾ ስሄድ በሜትሮ ቢ መስመር ፒራሚዴ እወርዳለሁ። ስሙን ያወጣለት የቼስትዮስ ፒራሚድ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራ መቃብር ነው፤ ማታ በመብራት ሲያዩት ይገርማል። ከእሱ ጥቂት አለፍ ብሎ ኮረብታ አለ፣ ቁመቱ 35 ሜትር ያህል። ሣር በቅሎበታል፣ ተፈጥሮ የሠራው ይመስላል። የተሠራው ግን ከሸክላ ስባሪ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍለ ዘመናት ከደቡብ ስፔንና ከሰሜን አፍሪካ ለሮም የወይራ ዘይት በትልልቅ ገንቦ ይመጣ ነበር። ሸክላው የጠጣው ዘይት ስለሚበላሽ ለሌላ አይሆንም፤ ሰብረው ይከምሩታል፣ ሽታው እንዳያስቸግር ኖራ ይነሰንሱበታል። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ገንቦ ነው እዚያ ያለው። በስባሪዎቹ መሐል ነፋስ ስለሚመላለስ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ ስለዚህ ኋላ የመጣው ትውልድ ከሥሩ እየፈለፈለ የወይን ማስቀመጫ አበጀበት። ዛሬ እነዚያ ዋሻዎች ምግብ ቤትና ጭፈራ ቤት ሆነዋል። የኋላ ግድግዳቸውን በመስታወት ብቻ የሸፈኑ አሉ፤ ራትዎን እየበሉ የተደራረበውን ሸክላ ያያሉ።

ከኮረብታው ፊት ለፊት የከተማዋ ቄራ ነበር፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 1975 ሠርቷል። ሥጋው በአራት ተከፍሎ እንደየማዕረጉ ለመኳንንቱ፣ ለካህናቱ፣ ለነጋዴውና ለወታደሩ ይሄዳል። የቀረው፣ ጭራው፣ ጨጓራው፣ አንጀቱ፣ ሳንባውና ምላሱ፣ የሠራተኛው ነው፤ የደመወዙ አንድ ክፍል ሆኖ ይሰጠው ነበር። ሠራተኛው ይዞት ሲወጣ አጠገቡ ያሉት ወይን ቤቶች ይሠሩለታል። ኬኪኖ ዳል 1887 የሚባለው ምግብ ቤት ዛሬም በዚያው ቦታ አለ። ጭራው ከቲማቲምና ከሴለሪ ጋር ለሰዓታት ተቀቅሎ ሥጋው ከአጥንቱ ሲላቀቅ ይቀርባል። የጥጃ አንጀት የሚገባበት ፓያታ የሚሉት ደግሞ በእብድ ላም በሽታ ምክንያት በ2001 ታግዶ በ2015 ተመልሷል።

እዚህ ሰፈር እንግዳ የሚያመነታ ይመስላል፤ እኛ ግን ቤታችን ነው። አክስቴ ከአዲስ አበባ የመጣች ጊዜ ቅዳሜ ማታ ወሰድኳት፤ በሮማውያን ልማድ ቅዳሜ የጨጓራ ቀን ነው። በቲማቲም ተሠርቶ፣ ናና ተነስንሶበት፣ የበግ ፎርማጆ ተፍቆበት መጣ። በሹካ አነሳች፣ አየችው።

«ይሄማ ጨጓራ ነው።»

«አዎ እትዬ።»

«እነዚህ ፈረንጆች ጨጓራ ይበላሉ?»

ቀመሰች። ዝም ብላ በላች። ከዚያ አስተናጋጁን በእኔ በኩል ትጠይቀው ጀመር፦ ስንት ጊዜ ያጥቡታል፣ በምን ያጥቡታል፣ ሽታው የት ሄደ። ሰውየው ወጥ ቤቱ ድረስ ገብቶ ሽማግሌውን ምግብ አብሳይ ይዞት መጣ። ሽማግሌው በጣቱ እያሳየ፣ አስቀድሞ ብዙ ሰዓት እንደሚቀቅሉት፣ የመጀመሪያውን ውኃ እንደሚደፉ ነገራት። እሷም የእኛን ነገረችው፦ በሎሚና በጨው ማሸት፣ በስለት ፍቅፍቅ ማድረግ፣ ለዱለት በደቃቁ መክተፍ፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ለብ ማድረግ። «ጥሬ?» አለ። «ለብ ለብ፣ የኔ ልጅ» አለችው፤ ሰባ ዓመት ያለፈውን ሰው። እጁን በሽርጡ ጠርጎ ጨበጣት። ጣሊያንኛ አንድ ቃል አታውቅም፤ ያን ማታ ግን ከእኔ ይልቅ ሮምን የገባት እሷ ነበረች። ወደ ቴስታቾ ከመጡ ከጨጓራው አይሽሹ።

ትራስቴቬሬና ካምፖ ዴ ፊዮሪ

ሁሉም የሚሄድባቸው ናቸው፣ ስለዚህ አጭር እሆናለሁ። ካምፖ ዴ ፊዮሪ ፈላስፋው ጆርዳኖ ብሩኖ በየካቲት 17 ቀን 1600 ከነነፍሱ የተቃጠለበት አደባባይ ነው፤ ሐውልቱ በ1889 ቆሞለታል። ማታ ሐውልቱ ሥር የሚሰበሰበው ወጣት ብዙ ይጠጣል፣ ዙሪያው ያሉ ምግብ ቤቶችም አያስመሰግኑም። ሐውልቱን አይተው በቪያ ዴይ ጁቦናሪ በኩል ትንሽ ሄደው የተጠበሰ ባካላ፣ ማለትም ጨው የገባበት ዓሣ፣ ቆመው በወረቀት ይብሉ። በትራስቴቬሬም የሳንታ ማሪያ ቤተ ክርስቲያን ፊት ያለው የወርቅ ሞዛይክ በማታ መብራት ሊታይ ይገባል። ለራት ግን ትራሙ ከሚሄድበት ሰፊ መንገድ ወዲያ ማዶ፣ ወደ ሳንታ ቼቺልያ በኩል መሻገር ይሻላል፤ እዚያ መንገዱ ጸጥ ያለ ነው፣ ልብስ በገመድ ላይ ተሰጥቶ ይታያል፣ የሚበላውም የሰፈሩ ሰው ነው።

ውኃ አይግዙ። ከ1870ዎቹ ጀምሮ የተተከሉት የብረት ቧንቧዎች በየጥጉ ሌሊትና ቀን ቀዝቃዛ ውኃ ያፈሳሉ።

የመጨረሻው ምሽት ለተርሚኒ

ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ለመዝናናት የሚመረጥ ሰፈር አይደለም። እኔ ግን ሐበሻ እንግዳዬን ሳላሳየው አልሸኘውም። ከጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ በጥር 1887 በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር ያለቁትን አምስት መቶ ያህል የጣሊያን ወታደሮች እንዲያስታውስ የተሰየመ ነው። ከአደባባዩ ጥቂት እርምጃ ላይ፣ ዛፍ ሥር፣ የግብፅ ሐውልት የቆመበት መታሰቢያቸው አለ። ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ የዘረፉትን የይሁዳ አንበሳ አምጥተው ያቆሙት እዚያ ነበር፤ በ1960ዎቹ ተመልሷል። የአክሱም ሐውልትም ከ1937 ጀምሮ ከዚህ ብዙ በማይርቀው በፖርታ ካፔና ቆሞ ከርሞ በ2005 አገሩ ገብቷል።

ዛሬ በዚያ መታሰቢያ ዙሪያ ባሉት መንገዶች የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች አሉ። ሰፈሩን ሰፈር ያደረጉት በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በሰው ቤት ለመሥራት የመጡ እናቶቻችንና እህቶቻችን ናቸው። የዕረፍት ሰዓታቸው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ስለነበር በዚያ ሰዓት ጣቢያው አካባቢ ይሰበሰባሉ፣ ወሬ ይለዋወጣሉ፣ ደብዳቤ ያነባሉ። የዚያ ዘመን ሰው አሁንም ሐሙስ ማታ ይመጣል። ጎን ተቀምጦ ማዳመጥ ከማንኛውም ሙዚየም ይበልጣል፤ ምን እንደበሉ፣ የትኛውን ቤት እንዳጸዱ፣ ለማን ገንዘብ እንደላኩ እየተሳሳቁ ያወራሉ። ከተማዋን ከሠሩት ሰዎች መካከል እነሱም አሉበት፤ ይህን የሚጽፍ መጽሐፍ ግን ጥቂት ነው።

ዶሮ ወጥ ከሆነ የታዘዘው፣ ጠንካራውን ቀይ ወይን ተዉት፤ ከበርበሬው ጋር ተጣልቶ አፍ ያደርቃል። ቼዛኔዜ ካላቸው ማቀዝቀዣ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል አስቀምጠው እንዲያመጡት ይጠይቁ፤ ቀለል ስለሚል ቅመሙን አይጋፋም። ካልሆነ ከኤሚልያ የሚመጣው ላምብሩስኮ፣ አረፋ ያለውና ትንሽ ጣፈጥ የሚለው ቀይ፣ ለአዋዜም ለቁሌትም ይሆናል። ከዚያ ቡናው ይፈላል፣ ሦስቱም እስኪወርድ መቀመጥ ግድ ነው። ሜትሮው ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ይቆማል፤ አርብና ቅዳሜ ብቻ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ይሠራል። ቢሆንም በረካው ላይ ሲደርሱ ሰዓት አይዩ፤ የሌሊት አውቶቡሶቹ የሚነሡት ከዚያው አደባባይ ነው፣ እስኪነጋም ይመላለሳሉ።